በጀሪካን የሚመጣ ኃይል

(በማኅበራችን የወላይታ ሶዶ ግንኙነት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል)

በአገሩ ቋንቋ “ሳሮ” እላችኋለሁ። ዳሞታ ተራራም ዛሬ ደመናውን ገልጦ ተቀብሏችኋል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ለጋስ እንዳይመስላችሁ።

ኮሚቴው ንግግር አድርጊ ብሎ ሲደውልልኝ እንደተለመደው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ስለሚደረግ ምርመራ መስሎኝ ነበር። አብዛኞቻችን አርባን ስላለፍን ርዕሱ አይከፋም። እነሱ ግን “ከሙያሽ አጠገብ ያለ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር ካለ እሱን ንገሪን” አሉኝ። አለ አልኳቸው፤ ሃይድሮጅን ነው። ስልኩ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። አብራኝ ዶርም የኖረች ጓደኛዬማ “አንቺ ነሽ ስለ ኬሚስትሪ የምታወሪው? የፍሬሽማን ላብ ውስጥ ቢከር የሰበርሽው ረሳሽው?” ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ሰብሬአለሁ። ስለዚህ ከፊት የተቀመጣችሁ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ብሳሳት በሻይ ሰዓት አርሙኝ፤ እዚህ መድረክ ላይ ግን ማሩኝ።

ወደ ኬሚስትሪው ከመግባቴ በፊት አንድ ሌሊት ልንገራችሁ።

ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የዚያ ሌሊት ታሪክ የብዙ ሆስፒታሎች ታሪክ ስለሆነ ስሙ አይጠቅመንም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራና እሱም ቀጥ አለ። ናፍጣ አልቋል። ኦክስጅን የሚሰጠው ኮንሰንትሬተር ያለ መብራት ዕቃ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን የግድ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ጨቅላዎች ነበሩ። የቀረን አንድ ሲሊንደር ነው፤ እሱም ተጋምሷል፣ ያለው ሬጉሌተር አንድ፣ ለሁለት የሚያከፋፍል ነገር የለም።

አንድ ሲሊንደር፣ ሁለት ሕፃናት። መረጥኩ። እንዴት እንደመረጥኩ የሕክምና ምክንያት ልሰጣችሁ እችላለሁ፤ ምክንያቱ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ግን መረጥኩ። ለሁለተኛው እኔና ተረኛዋ ሲስተር እየተፈራረቅን በአምቡ ባግ አየር እየሰጠን ቆየን። የዚያ ልጅ አባት በር ላይ ቆሞ ነበር። “ዶክተር፣ ምንድነው የጎደለው?” አለኝ። “ናፍጣ” አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀም። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዝናብ፣ ሞተር ሳይክል ለምኖ ወጣ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ታቅፎ ተመለሰ። ልጁ ግን ሩብ ሰዓት ቀድሞት አርፎ ነበር። ስነግረው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ጀሪካኑን ለጥበቃው ሰጠና “ለቀረችው አድርጉት” አለ። ጀነሬተሩ ተነሳ። የቀረችው ልጅ ከሳምንት በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

ይህን የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ አይደለም። ያ ጀሪካን ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ ነው። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ መንገድ፣ ኃይል ወደ እኛ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ ፈሳሽ ሆኖ፣ በጀሪካን፣ በሰው ጭን ላይ። ሽቦ ወድቋል። ሃያ ሊትር ናፍጣ በትንሽ ጀነሬተር ከ50 እስከ 60 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ያንኑ ያህል የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ወደ 400 ኪሎ ይመዝናል፤ በሞተር ሳይክል አይጫንም። ፈሳሽ ነገር ይቀዳል፣ ይሰፈራል፣ ይቀመጣል፣ በባጃጅም በአህያም ይሄዳል። ናፍጣ ደግሞ ከባሕር ማዶ፣ በዶላር፣ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ታዲያ እዚሁ ከራሳችን ውሃና ከራሳችን መብራት የሚሠራ፣ በጀሪካን የሚሄድ ኃይል ሊኖር አይችልም ወይ? እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ይኸው ነው።

እስቲ ያለንበትን ቦታ እንመልከት። ግልገል ጊቤ 3 በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ነው ያለው። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነበር። እዚህ ከሶዶ አጠገብ ካለው ጣቢያ የሚነሳው ባለ 500 ኪሎቮልት የዲሲ መስመር ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያ በዚህ መስመር 200 ሜጋዋት መግዛት ጀምራለች። ሶዶ እንግዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ ዳር የምትቀመጥ ከተማ አይደለችም። ሆኖም ትልቁ መስመር በራሳችን ላይ ማለፉ ብቻውን ለገጠሩ ጤና ጣቢያ ዋስትና አይሆንም። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዛፍ፣ በነፋስና በመብረቅ መካከል ነው የሚያልፉት። ይህ ወቀሳ አይደለም፤ የመሬት አቀማመጣችን ነገር ነው።

ኤሌክትሪክና ውሃ ካለ ሃይድሮጅን አለ። ሁላችሁም ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ዚንክና አሲድ ቀላቅላችሁ፣ ክብሪት አስጠግታችሁ፣ “ጷ” ስትል ሰምታችኋል። እሷው ናት። በኤሌክትሪክ ሲሆን ደግሞ ዘጠኝ ሊትር ውሃ ተሰንጥቆ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅንና ስምንት ኪሎ ኦክስጅን ይወጣል። አዲስ ፈጠራ አይደለም። አስዋን ያለው ኪማ የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከዓባይ ግድብ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ውሃ እየሰነጠቀ፣ ከሃይድሮጅኑ አሞኒያ፣ ከአሞኒያው ማዳበሪያ ሲሠራ ኖሯል። የዓባይ ውሃ ጉልበት ሃይድሮጅን ሆኖ ያውቃል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመውን ዋዱን የምታስታውሱ የወላይታ ልጆች ማዳበሪያ ለገበሬያችን ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ችግሩ ያለው ሃይድሮጅኑን ማስቀመጡ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል፤ በክብደት ከታየ ከቤንዚን ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ነገር ግን ተራ አየር ላይ 11 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል፣ አንድ ትንሽ ክፍል ይሞላል። መጭመቅ ይቻላል፤ በመኪና ታንክ ውስጥ እስከ 700 ባር ይጨመቃል። ማቀዝቀዝም ይቻላል፤ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ይሆናል። ሁለቱንም ለአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ላኩ ብላችሁ አስቡት።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ሃይድሮጅኑን ተራ ፈሳሽ ነገር ላይ በኬሚካል ማሰር፣ በፈሳሽነቱ ማጓጓዝ፣ በሚፈለግበት ቦታ መፍታት። ልክ እንደ ሄሞግሎቢን ነው። ደም ኦክስጅንን በአረፋ አይሸከምም፤ ሳንባ ላይ ይጭናል፣ ጡንቻ ላይ ያራግፋል፣ ባዶውን ተመልሶ ይመጣል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2020 ብሩናይ ላይ ሃይድሮጅንን ቶሉይን በሚባለው ፈሳሽ ላይ ጭነው በመርከብ ካዋሳኪ አድርሰዋል። እዚያ ሃይድሮጅኑን አራገፉ፤ ባዶው ቶሉይን እንደገና ሊጫንበት ተመለሰ። ይህኛው ለመራገፍ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለትልቅ ፋብሪካ እንጂ ለእኛ አይሆንም።

ለእኔ የቀረበኝ ሌላኛው ነው፤ ፎርሚክ አሲድ። ስሙ ከጉንዳን የላቲን ስም የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጉንዳን አንጥረው ነበርና። እኛ ሐኪሞች የምናውቀው ግን በክፉ ነው። ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ጠጥቶ ዓይኑ የጠፋ ሰው ሲመጣ ዓይኑን ያጠፋው ሜታኖሉ ራሱ ሳይሆን ጉበት ሜታኖሉን ቀይሮ የሠራው ፎርሚክ አሲድ ነው። ይህ ክፉ ዘመዳችን በአንድ ሊትር ውስጥ 53 ግራም ሃይድሮጅን ይዟል። ሃያ ሊትር ማለት፣ ያው የአባትዬው ጀሪካን ማለት፣ ከአንድ ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ሃይድሮጅን ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳሰላው እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደግሞም ሃይድሮጅኑን ለመልቀቅ 300 ዲግሪ አይፈልግም፤ ጥሩ ካታሊስት ካለው ከክፍል ሙቀት እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ማለትም ለሻይ ከሚፈላ ውሃ በታች፣ ይለቅቃል።

“ጥሩ ካታሊስት ካለው” ያልኩት ነው እንግዲህ የዛሬው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለበት።

ካታሊስትን እኔ በሽማግሌ ነው የምረዳው። ባልና ሚስት አልስማማ ሲሉ ሽማግሌ መካከል ይገባል፤ ያናግራል፣ ያስታርቃል ወይም በወግ ያለያያል። ነገሩ ሲያልቅ ሁለቱም መንገዳቸውን ይሄዳሉ፤ ሽማግሌው እንደነበረ እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቀጣዩን ባለጉዳይ ይጠብቃል። ፎርሚክ አሲድን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወግ የሚያለያየው ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ ፓላዲየም የሚባል ብረት ነው፤ የፕላቲነም ዘመድ ነው። ፕላቲነምን የካንሰር ሐኪሞች በሲስፕላቲን ያውቁታል። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል።

ፓላዲየም ውድ ነው። ሽማግሌነቱን የሚሠራው ደግሞ ፊቱ ላይ ያለው አተም ብቻ ነው፤ ውስጥ የተቀበረው አተም ተከፍሎበት ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ብረቱን በጣም አድቅቆ መበተን ያስፈልጋል። ሦስት ናኖሜትር ያህል ሲደቅ ከአተሞቹ ሲሶ የሚሆኑት ፊት ላይ ይወጣሉ። ነገር ግን እንደዚያ የደቀቀ ብረት ብቻውን ከተተወ ተሰብስቦ እንደገና ይጓጎላል። ለያይቶ የሚያስቀምጠው መደብ ይፈልጋል። ያ መደብ ከሰል ነው።

አዎ፣ ከሰል። የድንገተኛ ክፍል ባልደረቦቼ አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለውን ጥቁር ዱቄት በውሃ በጥብጠው መርዝ ለጠጣ ሰው ሰጥተዋል። ለምን ይሠራል? ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ነው። የአንድ ግራም የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰባት ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ወላይታ ድቻ የሚጫወትበትን ሜዳ የሚያክል ስፋት አለው። በዚያ ሜዳ ላይ የፓላዲየም ቅንጣቶችን ተራርቀው ተቀመጡ ብትሏቸው ቦታ አያንሳቸውም። ከ100 ግራም ካታሊስት ውስጥ ብረቱ አምስት ግራም ብቻ ቢሆን ይበቃል። ከሰል አሲድ አይበላውም። ካታሊስቱ ሲያረጅ ደግሞ ከሰሉን አቃጥሎ ውዱን ብረት መልሶ መሰብሰብ ይቻላል። ተመራማሪዎች በከሰሉ ውስጥ ናይትሮጅን ሲያስገቡ ብረቱ ይበልጥ እንደሚያዝና ሥራውም እንደሚፈጥን አይተዋል።

ከሰሉ ከዛፍ መምጣት የለበትም። እዚህ ቅርባችን ሁምቦ ተራራው ተራቁቶ የነበረበትን ዘመን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አሁን ከ2,700 ሄክታር በላይ የሆነው ደን ከጉቶው አገግሞ ተመልሷል። እሱን መልሰን ለከሰል አንቆርጥም። የቡና ገለባ አለን። ከቡና ገለባ አክቲቬትድ ካርቦን መሥራት በአገራችን ላቦራቶሪዎች የተሞከረ ነገር ነው፤ አብዛኛው ለውሃ ማጣሪያ ነው የታሰበው። ያንኑ ወደ ካታሊስት መደብነት ማሳደግ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚሆን ሥራ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ይህ ነገር ከእኔ ጋር የተገናኘው እዚህ ላይ ነውና። ፎርሚክ አሲድ ሲፈርስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የነገርኳችሁ ነው። በሁለተኛው መንገድ ውሃና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድን እናንተ በስሙ ባታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። በክረምት ከሰል አንድደው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው፣ ጠዋት ሳይነሱ የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ተሸክመው ያመጡልኝ አሉ። ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፤ ራስ ምታት ብቻ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ አይለቅም።

ይኸው ጋዝ የፓላዲየምንና የፕላቲነምን ፊት በዚያው ዓይነት መንገድ ይይዛል። ሽማግሌው ላይ ተጠምጥሞ አልለቅ እንደሚል ባለጉዳይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወረፋ ይዞ ይቀራል። ካታሊስቱ ይታፈናል። ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ፊውል ሴልም እንዲሁ ይታፈናል፤ ለመኪና ፊውል ሴል በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሃይድሮጅኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚሊዮን 0.2 እጅ መብለጥ የለበትም። የሚገርማችሁ ሕክምናው ነው። እኛ የታፈነ ሰው ሲመጣ ኦክስጅን በብዛት እንሰጣለን፤ በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ አራትና አምስት ሰዓት የሚፈጀው በንጹሕ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። የፊውል ሴል መሐንዲሶችም የታፈነውን ፕላቲነም ለማዳን ሃይድሮጅኑ ውስጥ ጥቂት አየር ይነፉበታል። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ። አንድ በሽታ፣ አንድ መድኃኒት።

ስለዚህ ጥሩ ካታሊስት ማለት በፍጥነት የሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ መንገዶች የመጀመሪያውን ብቻ የሚመርጥ ነው። ምርጫ ምን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በፊውል ሴል መልሰን ስናወጣው 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እናገኛለን። ፎርሚክ አሲዱን መሥራቱ የሚበላውን ገና ሳንቆጥር ከሁለት ሦስተኛው በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከናፍጣው ጀሪካን ጋርም ስናስተያየው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ትንሽ ናት። ግን 350 ዋት የሚወስድ ባለ አምስት ሊትር ኮንሰንትሬተር በ16 ኪሎዋት ሰዓት ወደ ሁለት ቀን ገደማ ይሠራል። ማከፋፈያ ካለው ደግሞ አራት ጨቅላዎችን በአንድ ጊዜ ያስተነፍሳል። እኛ የጎደለን አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

ሌላም አለ። ሃይድሮጅኑን ስናወጣ የሚቀረው ስምንት ኪሎ ኦክስጅን ትልቁን ሲሊንደር አንድ ጊዜ ይሞላል፣ 6,000 ሊትር ያህል ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ለሚወስድ ጨቅላ ከስምንት ቀን በላይ ይበቃዋል። የሃይድሮጅን ሰዎች ይህን ኦክስጅን ብዙ ጊዜ ወደ ሰማይ ይለቁታል። እኔ እንደ ሐኪም ይህን ስሰማ ወተት መሬት ላይ ሲፈስ የማይ ያህል ነው የሚሰማኝ። በእርግጥ ለታካሚ ከመድረሱ በፊት መድረቅ፣ መጥራት፣ መመርመርና መጨመቅ አለበት።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ በስሜት ወስዳን ሄደች እንዳትሉኝ። ነገ ጠዋት ለሆስፒታል የሚሆን ነገር አምጥቼላችሁ አይደለም የቆምኩት። ፎርሚክ አሲድ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ በጀሪካን ይሄዳል ስል ምልክት ባለው፣ ለዚሁ በተሠራ ዕቃ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ማለቴ ነው። ውሃ በለስላሳ ጠርሙስ ይቀመጣል በሚባልበት ቤት አደጋው ምን እንደሆነ በረኪና የጠጡ ሕፃናትን ያየ ሐኪም ያውቃል። ለኦክስጅን ብቻ ከሆነ ከአየር በዜኦላይት አጣርቶ የሚያወጣው ማሽን በብዙ ያነሰ መብራት ይበላል፤ ኤሌክትሮሊሲስ አያስፈልግም። ለጨቅላ ክፍል ለጥቂት ሰዓታት መብራት የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ባትሪና ሶላር ቀድመው ይመጣሉ፤ ዛሬ ገበያ ላይ አሉ። ፈሳሹ የሚያሸንፈው ጊዜው ሲረዝም ነው። ባትሪ ለሌሊት ነው፤ ጀሪካን ደግሞ መንገድ ለተቆረጠበት ሳምንት፣ ለክረምት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን ነገርኳችሁ? ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ስላለ ነው።

አንደኛው ለማኅበሩ ነው። በየዓመቱ ለመታሰቢያ ሐውልትና ለቲሸርት ገንዘብ እንሰበስባለን። ዘንድሮ ለአንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባትሪ፣ የኦክስጅን ማከፋፈያና መለዋወጫ ሬጉሌተር እንግዛ። ሬጉሌተሩን አደራ። ትንሽ ዕቃ ነው፤ ማንም ሪባን አይቆርጥለትም።

ሁለተኛው ለመምህራን ነው። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪያችንና የሕክምና ትምህርት ቤታችን በአንድ ግቢ እየኖሩ የሚገናኙት ምረቃ ላይ ነው። የቡና ገለባን የሚያከስል ተማሪ ካለ፣ እኔ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የማውቀውን ልንገረው፤ እሱ ካታሊስቱ ለምን እንደታፈነ ይንገረኝ። አንድ የጋራ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁለት አማካሪ፣ አንዱ ነጭ ጋውን ያለው፣ ሌላውም ነጭ ጋውን ያለው። ጋውናችን እንኳ አንድ ነው እኮ! ፓላዲየሙ ውድ ነው ካላችሁ በጥቂት ግራም ይጀመራል፤ ውጭ አገር በትልልቅ ላቦራቶሪዎች የምትሠሩ ተመራቂዎች ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል፣ አያችኋለሁ።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው፤ ምንም ካታሊስት አይፈልግም። ዛሬ ማታ ለቤተሰብ ስትደውሉ ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት እንደሌለ ንገሩልኝ። ከዚህ ንግግር ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አልቀየምም።

ያቺ የቀረችው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች ብዬ አስባለሁ። ዕድሜዋን በየክረምቱ እቆጥራለሁ። አባትየውን ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አገኘሁት፤ ጊፋታ ሰሞን ገበያ ላይ። አወቀኝ። “ዶክተር፣ አሁን ናፍጣ አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። “አለ” አልኩት፤ የዚያን ሳምንት ነበረ። “ጥሩ ነው” አለኝና መንገዱን ቀጠለ። ሌላ ጊዜ ቢጠይቀኝ ከናፍጣ የተሻለ መልስ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።

ቡናው ፈልቷል መሰለኝ፤ ገለባውን እንዳትጥሉት።